ደረቁ ቧንቧ

ቆራሌ ከደረጃው ስር ያለውን ክፍል ከፍታ አንድ እግሯን ስታስገባ ነጠላ ጫማዋ ውሃ ውስጥ ጠለቀ።

እግሯን መልሳ አወጣችና አንገቷን ወደ ጨለማው አስግጋ አየች። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ውሃ ተኝቶበታል። ጥግ ላይ በሥርዓት የደረደረችው የወረቀት ክምር ከታች በኩል አብጦ ተንጋድዷል። አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ማንም ሳይነካው እየተንሳፈፈ መጥቶ ደፉ ላይ ቆመ።

መብራቱን አበራች። የቧንቧው አፍ ላይ፣ ውሃ እንዳይረጭ ብላ ራሷ ባሰረችው ጨርቅ ጫፍ፣ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች። ጠብታዋ ወደቀች። ሌላ አልተከተላትም። ቆራሌ እጇን ሰድዳ እጀታውን ስትነካው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ነበር።

በዚያው ቅጽበት ከሦስተኛ ፎቅ የመንታዎቹ እናት ድምፅ በደረጃው ወረደ።

«ኧረ ውሃ የለም! ጋሼ! ጠብታ የለም'ኮ! እነዚህን ልጆች በምን ላጥባቸው ነው?»

ላይ ድርቅ፣ ታች ጎርፍ።  ቆራሌ እጀታውን አጥብቃ ዘጋችው፤ አሁን መዝጋቱ ምን እንደሚጠቅም ግን ለራሷም አልገባትም።

ቆራሌ የእውነት ስሟ አይደለም። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፣ የጎረቤቱን ባዶ ጠርሙስና አሮጌ ደብተር መሰብሰብ የጀመረች ሰሞን። «ቆራሌው መጣች! ያላችሁ አውጡ!» እያለ ደረጃው ላይ ሲጮህ ሕንፃው በሙሉ ሳቀ። እሷ ግን አላኮረፈችም። ልብስ ሰፊ የሆነችው እናቷ ከቁርጥራጭ ጨርቅ በሰፋችላት ትልቅ ከረጢት ላይ በወፍራም ቀለም «ቆራሌ» ብላ ጻፈችበትና «ሙድ ልትይዝብኝ ከሆነ ሌላ ስም ፈልግ» አለችው።

ነገሩ የተጀመረው በጭስ ነው። የሕንፃው ቆሻሻ የሚከመረው ከግቢው ጀርባ፣ ግንቡ ጥግ ነው። የቆሻሻ መኪናው ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይቀራል። ሲቀር ክምሩ ይቃጠላል። የላስቲክ ጭስ ደግሞ ጥቁር ነው፣ ጉሮሮ ይዘጋል፤ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት መንትያ ሕፃናት ሲያስሉ ግድግዳ አልፎ ይሰማል። ቆራሌ አንድ ቀን አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፍና ክምሩን በእንጨት እየገለበጠች አየችው። ግማሹ ጠርሙስና ወረቀት ነበር። ጠርሙስና ወረቀት ደግሞ ፈላጊ አለው። ከከተማው ዳር ያለው ፋብሪካ ተለይቶ፣ ታጥቦና ደርቆ ከጠበቀው በየወሩ መኪና ልኮ ይወስደዋል፤ አቅልጦና ፈጭቶ መልሶ ዕቃ ያደርገዋል።

ማስቀመጫ ግን ያስፈልጋል። የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ከብዙ ልመና በኋላ ከደረጃው ስር ያለውን የመወልወያ ክፍል ቁልፍ ሰጧት። ሲሰጧት ጣታቸውን ያወዛውዙ ነበር።

«አንድ አይጥ፣ አንድ ሽታ፣ ወይም አንድ ሰው ‹በዚህ ክፍል የተነሳ ተቸገርኩ› ብሎ ቢመጣ፣ ቁልፉን እቀበልሻለሁ። ተግባባን?»

«ተግባባን» አለች ቆራሌ።

እስካሁን አይጥም ሽታም አልነበረም። ሰው በየቤቱ ጠርሙሱን ለብቻ፣ ወረቀቱን ለብቻ ማስቀመጥ ለምዶ ነበር። ክምሩ በግማሽ ቀንሶ፣ ቃጠሎው ቆሞ ነበር። የፋብሪካው መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣው በሚቀጥለው ዓርብ ነው። እና አሁን ይሄ ውሃ።

ምን እንደተፈጠረ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ትናንት ከትምህርት ቤት መልስ ከጓደኛዋ ጋር ጠርሙስ ሊያለቀልቁ እዚሁ ገብተው ነበር። ጓደኛዋን ሰፈሩ ሬዲዮ ይላታል፤ ነገር በሆዷ አያድርም፣ ዝም ካለች ታማለች ማለት ነው። ሬዲዮ እጀታውን ስታዞረው ቧንቧው ፉ... ብሎ አየር ተነፈሰና ጸጥ አለ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የመስመር ውሃ የሚመጣው ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነው፤ በቀሩት ቀናት ሕንፃው የሚኖረው ጣሪያ ላይ ባለው ታንከር ነው። ታንከሩ ሳምንቱን እንዲያዳርስ ዘበኛው ጠዋትና ማታ ይከፍቱታል፣ ቀን ቀን ይዘጉታል፣ ከመተኛታቸው በፊትም ይዘጉታል። ስለዚህ ቀን ላይ ቧንቧው ሁሉ ደረቅ ነው። ደረቅ ቧንቧ ደግሞ ክፍት ይሁን ዝግ በዓይን አይለይም።

«ዘጋሽው?» ብላ ነበር ቆራሌ በሩን ልትቆልፍ ስትል።

«ዘግቼዋለሁ ባክሽ፣ ነይ እንሂድ!» ብላ ነበር ሬዲዮ።

ማታ ታንከሩ ሲከፈት ውሃው አፉን ከፍቶ የሚጠብቀውን ይህንን ቧንቧ አገኘ። ድምፁን ጨርቁ አፈነው። ሕንፃው በሙሉ ቴሌቪዥን ሲያይ የሳምንቱ ውሃ ከደረጃው ስር ወደ ፍሳሽ ሲወርድ አመሸ።

ቆራሌ ወለሉ ላይ የቀረውን በመወልወያ ወደ ፍሳሹ ቀዳዳ ገፋች፣ የረጠበውን ወረቀት ከደረቁ ለየች፣ በሩን ቆለፈችና ወደ ሁለተኛ ፎቅ ሮጠች።

ሬዲዮ በሩን የከፈተችው የፀጉሯን ግማሽ አበጥራ፣ ግማሹ ላይ ማበጠሪያ ሰክታ ነው።

«ሰማሽ? ውሃ የለም አሉ! የመንታዎቹ እናት ደግሞ ስትጮህ እኮ...»

«ቧንቧው ክፍት ነበር።»

«የቱ ቧንቧ?»

«የኛው። የክፍላችን። እስከ ጥግ ድረስ።»

ሬዲዮ ዝም አለች። ከሷ አፍ ይህ ብቻውን በቂ መልስ ነበር።

«ዘግቼዋለሁ ብለሽኝ ነበር'ኮ» አለች ቆራሌ።

ሬዲዮ በሩን ከኋላዋ ገርበብ አድርጋ ወደ ኮሪደሩ ወጣችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሺ፣ አላስታውስም። ቸኩዬ ነበራ! ደረቅ ነበር'ኮ፤ ደረቅ ቧንቧ መዝጋት ለማን ትዝ ይለዋል? ለሰው ተናገርሽ?»

«ለማንም አልተናገርኩም።»

«ጎሽ። እንዳትናገሪ።»

«ሬዲዮ!»

«ስሚኝ እንጂ! ብትናገሪ ምን ይገኛል? ታንከሩ አይሞላ። ሊቀመንበሩ ቁልፉን ይቀሙሻል፣ የፋብሪካው መኪና መጥቶ ባዶውን ይመለሳል፣ ያ ጭስ እንደገና ይጀምራል። ያን ሁሉ ጠርሙስ የለቀምነው፣ በየበሩ የለመንነው፣ ገደል ገባ ማለት ነው። ዝም ካልሽ ግን ማንም አይጎዳም። ታንከር አይደለ? ያፈሳል፣ ይሰነጠቃል፣ ማን ያውቃል?»

የሚያናድደው ሬዲዮ የተናገረችው አብዛኛው ነገር እውነት መሆኑ ነው። ቆራሌ ደረጃውን ስትወርድ «ማንም አይጎዳም» የሚለውን ለራሷ ደጋገመችው። ጥሩ ይመስል ነበር፣ መታጠፊያው ላይ እስክትደርስ።

መታጠፊያው ላይ ጋሼ ቁልፍን አገኘቻቸው። የሕንፃው ዘበኛ ናቸው፤ ልጆቹ ይህን ስም ያወጡላቸው ወገባቸው ላይ የታሰረው የቁልፍ መዓት ከሳቸው ቀድሞ ስለሚሰማ ነው። ከጎረቤት ሕንፃ ለምነው የቀዱትን ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዘው ሽቅብ እየወጡ ነበር። ሲያዩዋት ጀሪካኖቹን አስቀመጡና ግድግዳውን ተደገፉ።

«ለመንታዎቹ ነው። ለናንተም አመጣለሁ፤ እናትሽን አታስቢ በያት።»

«ጋሼ፣ አንዱን እኔ ልያዝልዎት።»

«ተዪው የኔ ልጅ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔው ልሸከመው።»

«የርስዎ? ምን አጠፉ?»

ጋሼ ቁልፍ ቆባቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ። «ታንከሩን ሳትዘጋ አድረሃል፤ ሌሊቱን በሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሁሉ አልቋል ይሉኛል ሊቀመንበሩ። እኔ ደግሞ ዘግቻለሁ። ማለት... የዘጋሁ ይመስለኛል። ጣሪያ ወጥቼ፣ በዚህ እጄ አጥብቄ። ግን ያ የትናንት ማታው ይሁን የትናንት ወዲያው፣ እንጃ።» ሳቅ ለማለት ሞከሩ። «አባቴም እንዲህ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ቁልፍ የት እንዳስቀመጠ ረሳ። ቀጥሎ የኔን ስም።»

ቆራሌ አንዱን ጀሪካን ለማንሳት ጎንበስ አለች፤ ጋሼ ቁልፍ ግን ቀደሟት። 

«ከሰዓት ስብሰባ ጠርተዋል» አሉ ጀሪካኖቹን እያነሱ። «ሌላ ዘበኛ ሊያመጡ ነው መሰለኝ። ኧረ ተይ፣ አታልቅሺ! ገና መች ሄድኩና!»

እያለቀሰች መሆኗን አላወቀችም ነበር። ሰውየው አንጀቷን በሏት። ከሥራ ሊባረሩ መሆናቸው አንድ ነገር ነው። የባሰው ግን በገዛ ራሳቸው እጅ ያደረጉትን ማመን ማቆማቸው ነበር። ጭንቅላታቸው ምንም እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው በሕንፃው ውስጥ ካለ እሷና ሬዲዮ ብቻ ናቸው።

ቤት ስትገባ እናቷ ስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ነበር።

«ክፍልሽን አየሽው? ደህና ነው?» አለች ቀና ሳትል።

«ወረቀቱ ረጥቧል።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ውሃ በጠፋበት ሕንፃ ወረቀት ከየት መጥቶ እንደረጠበ ለማወቅ እናቷ ጊዜ አልፈጀባትም። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አውርዳ ልጇን አየቻት።

«ሊቀመንበሩ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«ጋሼ ቁልፍስ?»

«እሳቸውም አያውቁም። ረስቼ ነው ብለው ያስባሉ።» ቆራሌ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «እማዬ፣ ብናገር ክፍሉን ይወስዱብኛል።»

«ይወስዱብሻል» አለች እናቷ። ልጇን ለማጽናናት ብላ የምትዋሽ ሴት አይደለችም።

«ከዚያ ሁሉም ነገር አበቃ ማለት ነው።»

«የሚወስዱት ክፍሉን ነው። እጅሽንም አብረው ይወስዱታል እንዴ?» እናቷ ጨርቁን ከመርፌው ስር ስባ አወጣችና በብርሃን አየችው። «ይኸው! አንቺን ሳዋራ ስፌቱ ተጣመመብኝ» ብላ ምላጭ አነሳችና ክሩን መበጠስ ጀመረች።

ከሰዓት በኋላ ግቢው ሞላ። ወንበር ያገኘ በወንበር፣ ያላገኘ በባዶ ባልዲ ተቀመጠ፤ ባዶ ባልዲ በዚያ ቀን ሞልቶ ነበር። ሊቀመንበሩ ክራቫታቸውን አስረው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ቆሙ። ጋሼ ቁልፍ ከበሩ አጠገብ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ለብቻቸው ቆመዋል።

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አለ ምድር ቤት ያለው ፀጉር አስተካካይ። «ስለ ወደፊቱ ብንነጋገር አይሻልም?»

«አንተ ምን አለብህ! ለመላጨት ምራቅ ይበቃሃል!» አለች የመንታዎቹ እናት፣ አንዱን አዝላ ሌላውን አቅፋ። «እኔ ሁለት ሕፃን ይዤ እስከ ማክሰኞ ምን ልሁን?»

ሊቀመንበሩ እጃቸውን አነሱ። «ታንከሩ እንዳልተሰነጠቀ ወጥቼ አይቻለሁ። ትናንት ማታ ቧንቧ ክፍት ትቶ የረሳ ሰው አለ?» ሁሉም ‹የለም› ብሎ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን ወደ ልጆቹ አዞሩ። «የናንተ ክፍልስ? እዚያም ቧንቧ አለ።»

ቆራሌ መልስ ሳትሰጥ ሬዲዮ ብድግ አለች። ዓይኗን በጨው አጥባ «እኛ ዘግተን ነው የወጣነው!» አለች። «ደግሞ ትናንት ስንገባ ውሃ ራሱ አልነበረም። ብንፈልግስ ከየት አምጥተን እናፈሳለን?»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያይቶ «እውነቷን ነው» አለ። ግማሹ እውነት ስለነበር ሌላው ግማሽ አብሮት ሾልኮ አለፈ። ሬዲዮ ተቀመጠችና የቆራሌን ጉልበት በጉልበቷ ገፋ አደረገችው፤ አለቀ፣ ዳንን ማለቷ ነበር።

«እንግዲያው የቀረው አንድ ሰው ነው» አሉ ሊቀመንበሩ።

ጋሼ ቁልፍ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጡ። ቆባቸውን በጣቶቻቸው ያሽከረክሩት ነበር። «እንግዲህ ጌታዬ... ዘግቼዋለሁ ብዬ ነበር። ምናልባት ረስቼው...»

«አልረሱም!»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ከሁሉም በላይ የደነገጠችው ራሷ ቆራሌ ናት። ቆማ ነበር። መቼ እንደቆመች አታውቅም። ቁልፉን ከመጨበጧ ብዛት ጥርሱ መዳፏ ላይ ታትሟል።

«አልረሱም» አለች እንደገና። «ማታ ዘግተውታል። ሲዘጉት ግን ታንከሩ አልቆ ነበር። የክፍላችን ቧንቧ ክፍት ነበር። ዛሬ ጠዋት ስገባ ወለሉ በሙሉ ውሃ ነበር። ትናንት ቀን ደረቅ ስለነበር ክፍት መሆኑ አልታየኝም። ቁልፉ የኔ ነው። ሳላይ የቆለፍኩት እኔ ነኝ።»

 ሁሉም ባንድ ላይ መናገር ጀመረ።

«ጉድ እኮ ነው!» አለች የመንታዎቹ እናት፣ ድምፅዋ ከሁሉም በላይ ወጥቶ። «ቆሻሻ ለማጠብ የልጆቼን ውሃ? የልጆቼን?»

«አዎ፣ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይቅርታሽን በጡጦ አድርጌ ላጠጣቸው?»

  ቆራሌ ወደ ቤቷ ሮጣ ትራስ ስር መግባት አምሯት ነበር፤ ግን ቆመች፣ ምክንያቱም ሊቀመንበሩ ገና አልጨረሱም። ወደሷ መጥተው መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ተግባብተን ነበር» አሉ። የተቆጡ አይመስሉም፤ እንዲያውም ትንሽ ያዘኑ ይመስላሉ። «ክፍሉ እስከ ነገ ማታ ባዶ ይሁን። የቀረ ካለ ወደ ክምሩ ይጣላል።»

ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠች።

ጋሼ ቁልፍ ቆባቸውን ራሳቸው ላይ መልሰው አጠለቁና በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «እንግዲህ ጭንቅላቴ ደህና ናት ማለት ነው!» አሉ ጮክ ብለው። አንዳንድ ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን ሲስቁ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ይጠርጉ ነበር።

ሬዲዮ ስብሰባው እስኪበተን መሬት መሬቱን ስታይ ቆየች።

በማግስቱ እሑድ ጋሼ ቁልፍ ክፍሉን ሲከፍቱላት ቆራሌ የረጠበውን ወረቀት ግቢ አወጣችው። ውሃ በሌለበት ሕንፃ ልብስ የሚያሰጣ የለም፤ ገመዱ ሁሉ ባዶ ነበር። ጋሼ ቁልፍ ከየት እንዳመጡት ሳይናገሩ አንድ ከረጢት የልብስ መቆንጠጫ አቀበሏት። ጋዜጣውን፣ የካርቶን ቁራጩን፣ የድሮ ደብተሩን ገጽ በገጽ ለይታ ሰቀለችው። ነፋስ ሲመጣ ግቢው በሙሉ ተንሿሿ።

«እዩልኝ!» አለ ወንድሟ ከደረጃው ራስ። «የኔ ሒሳብ ደብተር ታጥቦ ተሰጥቷል! ያን ሁሉ ኤክስ አስለቅቀሽልኝ ይሆን?»

«የተሳሳተ ሒሳብ በውሃ አይለቅም። ይልቅ ና፣ ይሄን ከረጢት ያዝ።»

አጉረመረመ፤ ግን ያዘ። የጠርሙሱን ከረጢት በትከሻው፣ ደረቁን ወረቀት በእጁ ይዞ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። እናታቸው ስፌት መኪናዋን ከግድግዳው ራቅ አድርጋ ከጀርባው ቦታ ለቀቀችላቸው። ቦታው ጠባብ ስለነበር እናታቸው ከዚያ በኋላ ስትሰፋ ክርኗ ከረጢት ይነካ ነበር።

ሬዲዮ የመጣችው ወረቀቱ ሊደርቅ ሲል ነው። ገመዱ አጠገብ ቆማ ትንሽ እግሯን አፈራረቀች።

«ለምን ስሜን አልጠራሽም?» አለች በመጨረሻ።

ቆራሌ አንድ ገጽ ገልብጣ ቆነጠጠችው። ተናዳባት ነበር፤ ንዴቷን መደበቅም አልፈለገችም። «ዋሽተሽኛል። ከዚያ ደግሞ በሰው ሁሉ ፊት በኔም ስም ዋሸሽ። ስምሽን ግን እኔ ምን አገባኝ? ከፈለግሽ ራስሽ ጥሪው።»

ሬዲዮ ወደ ግቢው በር ሄደች። ጋሼ ቁልፍ በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አጠገባቸው ቁጢጥ አለችና ለረጅም ጊዜ አወራቻቸው። ምን እንዳለቻቸው እስከ ዛሬ የሰማ የለም። ሬዲዮ የተናገረችው ነገር ሳይሰማ ሲቀር ይህ የመጀመሪያው ነው። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ሁለተኛው ገመድ ላይ ያለውን ደረቅ ወረቀት ማውረድ ጀመረች።

ሰኞ የቆሻሻ መኪናው ቀረ። ክፍሉ ተቆልፎ ጠርሙሱን የሚቀበል ሲጠፋ ሰዉ ሁሉንም ባንድ ላስቲክ አስሮ ወደ ግንቡ ጥግ መወርወር ጀምሮ ነበር፤ ክምሩ በሁለት ቀን አደገ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጥቁሩ ጭስ ከሕንፃው ጀርባ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የሦስተኛው ፎቅ መስኮት ጓ ብሎ ተዘጋ። ከመስታወቱ ጀርባ ሳሉ ጀመረ፣ መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው።

ቆራሌ ጭሱን ስታይ ያዘነችውን ያህል ተቆጣች። ማንን እንደተቆጣች ግን አታውቅም ነበር።

ማክሰኞ ውሃ መጣ። ማክሰኞ ሕንፃው ሌላ ሕንፃ ነው፤ በየፎቁ ቧንቧ ያስነጥሳል፣ ባልዲ ይንኳኳል፣ ሰው ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ ልብስ ያጥባል። ቆራሌ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግቢው ውስጥ ያለው የፍሳሽ ቦይ ሞልቶ ይወርድ ነበር። መጀመሪያ ጥቁር ውሃ መጣ። ከዚያ አረፋ። ከዚያ፣ ልብስ የተለቀለቀበት የመጨረሻው ውሃ፣ የቦዩን ድንጋይ ከስሩ የሚያሳይ ንጹሕ ውሃ።

ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቁጢጥ ብላ አየችው። ጠርሙስ የሚጠጣ ውሃ አይፈልግም። ከውስጡ ያለው ጭማቂና ዘይት እንዲለቅ ብቻ ነው የሚፈለገው። ለዚህ ይሄ ይበቃል፤ ይተርፋልም። በየሳምንቱ ከአምስት ፎቅ እንዲሁ ሲወርድ ኖሯል፣ እሷ ግን አይታው አታውቅም።

ቤት ገብታ ባልዲ ይዛ ወጣች። ሬዲዮ ደረጃው ላይ አገኘቻት።

«ወዴት ነው?»

«ሦስተኛ ፎቅ።»

«የመንታዎቹ እናት ጋ?! አብደሻል እንዴ? ፀጉር አስተካካዩ ጋ እንጀምር፤ እሱ እንኳ ይስቅልናል።»

«እሱ አልተጎዳማ» አለች ቆራሌ መውጣቷን ሳታቆም። «መጀመሪያ መሄድ ያለብኝ እዚያ ነው።»

ሬዲዮ ከኋላዋ አጉረመረመች። ትንሽ ቆይቶ ግን የሷም እግር ደረጃው ላይ ተሰማ።

ቆራሌ በሩ ፊት ቆማ ባልዲውን ወደ ግራ እጇ አዛወረች።  አንኳኳች። መልስ የለም። እንደገና፣ ጠንከር አድርጋ አንኳኳች።

የመንታዎቹ እናት እስከ ክርኗ በአረፋ ተሸፍና በሩን ከፈተች። ማን እንደሆነች ስታይ ፊቷ ተኮማተረ።

«ደግሞ ምን ቀረሽ?»

«እትዬ፣ ልብሱን የሚያለቀልቁበትን የመጨረሻውን ውሃ እንዳይደፉት ልለምንዎት ነው የመጣሁት። ጠርሙሶቹን በሱ አጥባቸዋለሁ። ካሁን በኋላ ከቧንቧ አንድ ጠብታ አልነካም።»

«ክፍሉን ቀምተውሽ የለም እንዴ?»

«ቀምተውኛል። አሁን ቤታችን ነው የማስቀምጠው፣ ከእናቴ ስፌት መኪና ጀርባ። የፋብሪካው መኪና ዓርብ ይመጣል። እስከዚያ ጠርሙስና ወረቀት ለይተው ከሰጡኝ ወደ ክምሩ አይሄድም። ክምሩ ካላደገ ደግሞ...»

አልጨረሰችውም። ከውስጥ አንዱ ሕፃን ሳለ። ሌላው ተራውን የጠበቀ ይመስል ተከተለው። ሴትየዋ ዞር ብላ ወደ ውስጥ አየች፤ ሳሉ እስኪቆም ድረስ አልተመለሰችም። ከዚያ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ባልዲውን ተመለከተች። ቆራሌን አላየቻትም።

«ገና አልጨረስኩም» አለችና ወደ ሳፋዋ ተመለሰች። በሩን አልዘጋችውም።

ሬዲዮ ከኋላ ሆና በሹክሹክታ «እሺ ነው ወይስ እምቢ?» አለች። «እስከ መቼ ልንቆም ነው?»

ከውስጥ ልብስ ሲታሽ ይሰማል። ቆራሌ ባልዲውን ገልብጣ ከበሩ አጠገብ አስቀመጠችውና ተቀመጠችበት።

«እስክትጨርስ» አለች።